አሮጌ ብስክሌት ፍለጋ

ቅዳሜ ማለዳ ወደ መርካቶ የሚወርደው ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ ፈላጊ አይደለም። ሌላው ሰው የጣለውን፣ የሰለቸውን፣ ወይም ችግር አስገድዶት የሸጠውን ዕቃ ለመፈለግ የሚሄደውም ብዙ ነው። ከነዚህም መካከል አንዳንዱን የኪሱ ማነስ ያስገድደዋል፤ አንዳንዱን ንግድ ይስበዋል፤ ጥቂቱን ደግሞ ፍቅር ይመራዋል። እኛ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነን። የምንፈልገውም ወርቅ ወይም የጥንት ብራና አይደለም፤ አሮጌ ብስክሌት ነው።

ይህን ስንናገር ፈገግ የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። «ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው፤ አሮጌ ብስክሌት ደግሞ የዛገ ብረት እንጂ ምን ቁም ነገር አለበት?» ይባል ይሆናል። ነገር ግን ነገሩን ረጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ብስክሌት ከመሣሪያዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። አውቶሞቢል ሞተሩን በክዳን ይሸፍናል፤ ሰዓት ጥርሶቹን በጀርባው ይደብቃል፤ ብስክሌት ግን አሠራሩን ሁሉ ገልጦ በአደባባይ ይቆማል። ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ጠገነው፣ ማን እንደ በደለው ከውጭ ይነበባል። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ወደ ትምህርት ቤት ይገባል ማለት ነው። እኛም አራት ጓደኛሞች፣ ሁለታችን አስተማሪዎች፣ ሁለታችን የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስንሆን፣ በዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት ስለ ቆየን፣ ያየነውንና ያከራከረንን ለአንባቢ ለማካፈል ወደድን።

የፍለጋችን ዋና ስፍራ መርካቶ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ በሚገኝበት ስፍራ የተመሠረተውና መርካቶ የሚለውን የጣልያን ቃል ስሙ አድርጎ የያዘው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ ነው። ገበያው እንደ አንድ ትልቅ ግቢ ክፍል ክፍል አለው፤ ክፍሉም ተራ ይባላል። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ፣ ጎማ የፈለገ ጎማ ተራ ይሄዳል። ምን እንደሚፈልግ ገና ያልወሰነ ሰው ግን ምናለሽ ተራ ቢገባ ይሻለዋል፤ የስፍራው ስም ራሱ ጥያቄ ነውና። በዚያ መዶሻ ከማለዳ እስከ ምሽት ዝም አይልም። ባዶ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለ ቆርቆሮ መጥበሻ ይሆናል፤ ከአንድ ቤት የወጣ ፍርስራሽ ለሌላ ቤት መሠረት ይሆናል። አንድ ዕቃ ሞተ የሚባልበትን ሰዓት በምናለሽ ተራ በእርግጥ መናገር የሚችል ሰው የለም።

ብስክሌቱ እዚያ የሚደርስበት መንገድ ብዙ ነው። በየሰፈሩ ጆንያ አንግቶ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ከአንድ ግቢ ጓዳ የተሰበረ አልጋና የጎደለ ብስክሌት በአንድነት ገዝቶ ያመጣል። ልዋጭ ባዩ ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ሰጥቶ ይለውጣል። አከራዮችም አሉ፤ በየሰፈሩ ለልጆች በደቂቃ ሲያከራዩ የኖሩት ብስክሌት መጠገን ከማይቻልበት ደረጃ ሲደርስ አውጥተው ይሸጡታል። ከነዚህ ሁሉ እጅ የሚመጣው ብስክሌት ሙሉ ሆኖ አይመጣም። አካሉ በአንዱ መደብ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲገኝ፣ መንኮራኩሩ በሌላው ተራ ከአሮጌ ጋሪ ጎማ ጋር ተከምሮ ይገኛል፤ የፍሬኑ ዘንግ ደግሞ ማንነቱ ሳይታወቅ ከሽቦ ጋር ታስሮ በኪሎ ይሸጣል። ስለዚህ እኛ ብስክሌት እንፈልጋለን ብንልም፣ በእውነቱ የምንፈልገው የተበተኑትን የአንድ ቤተ ሰብ አባሎች ነው ቢባል ይቀላል።

ብስክሌት ወደ አገራችንና ወደ አካባቢያችን በሰፊው የገባው በብዙ በኩል ቢሆንም፣ የጣልያኖች አሻራ በቋንቋችን ላይ እስከ ዛሬ አልጠፋም።  ጎማና ፍሬን የሚሉት ቃላት የእነርሱ ናቸው። ነፋስ የሚሞላውን የውስጥ ጎማ ከመናዳሪ ስንለው የምንናገረው የጣልያንኛውን «የአየር ክፍል» ነው። ፓራፋንጎ የምንለው «ጭቃ ተከላካይ» ማለት ነው። መንኮራኩሩ በዙሪያው እንዲሽከረከር የሚያደርጉት ትናንሽ የብረት እንክብሎች ያሉበትን ዕቃ ኩሽኔታ ስንለው ደግሞ፣ በትውልድ ቋንቋው «ትንሽ ትራስ» እያልን እንደምንጠራው የሚያስታውስ የለም። ማስቲሹም፣ ብሎኑም፣ ካቻቪቴውም፣ ፒንሳውም ከዚያው መዝገብ የመጡ ናቸው። የብስክሌት ሠሪው ልጅ ጣልያንኛ ሳይማር ግማሽ ቀን ጣልያንኛ ይናገራል። ቃሉም እንደ ዕቃው ሁለተኛ እጅ ነው፤ እኛ ጠግነን፣ በአፋችን ልክ አስተካክለን የራሳችን አደረግነው።

በገበያ የምናያቸው ብስክሌቶች በየዘመኑ ከማን ጋር እንደ ተገበያየን ያሳያሉ። ቢያንኪ የተባለው የጣልያን ፋብሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 በሚላኖ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ መካከል ባለ ፈዛዛ ቀለሙ ከሩቅ ይለያል። ራሌ የተባለው የእንግሊዝ ብስክሌት ከኖቲንግሃም ከተማ የመጣ ነው። ጥቁር፣ ረጅምና ከባድ ሲሆን፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራው ዓይነት በእኛ ዘንድ የበለጠ ይወደዳል። ከፔዳሉ አጠገብ ባለው ትልቅ ጥርስ ላይ አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ ራስ ተቀርጾ ይታያል። ከ1950 ጀምሮ በቻይና ቲያንጂን የተሠራው በራሪ ርግብ፣ የሻንግሃዩ ፎኒክስ፣ እንዲሁም ከ1956 ጀምሮ በሕንድ ሉዲያና የተሠራው ሄሮ በመልክ የዚያ የእንግሊዙ ብስክሌት ዘመዶች ናቸው። ላላወቀ ሰው ሁሉም አንድ ይመስሉታል፤ ላወቀ ሰው ግን እንደ አማርኛ አነጋገር፣ አንዱ የጎጃም አንዱ የሸዋ መሆኑ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

ይህ ዕቃ የተጫወተው የመላላኪያነት ሚና ብቻ አይደለም። አገራችን በኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን በተካፈለችበት በ1949 ዓ. ም. ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። ከነርሱም አንዱ የሆነው ገረመው ደንቦባ በሮማም ተወዳድሯል። በዚያው በሮማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም.፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ስላሸነፈ የሯጮቹ ዝና የብስክሌተኞቹን ስም ሸፈነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2008 ዓ. ም. ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንግዲህ ብስክሌት በታሪካችን ውስጥ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ቢመስልም፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስና፣ ዕቃው እንዴት እንደሚመረመር እንናገር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከሁሉ ስፍራ ይልቅ እዚህ ይሠራል። ቀለም አይታመንም፤ ቀለም ትናንት ማታ የተቀባ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው አካሉ ነው፤ የፊቱ ሹካ ወደ ኋላ የታጠፈ ከሆነ፣ ወይም ከመሪው በታች ባለው ብረት ሆድ ላይ ቀለሙ የተሸበሸበ ከሆነ፣ ያ ብስክሌት ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። ቀጥሎ መንኮራኩሩን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከርና በፍሬኑ ጎማ አጠገብ ማየት ነው፤ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ቸርኬው ጠሟል። ሦስተኛ ፔዳሉን በእጅ ይዞ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ወይም ፔዳሉን ከመካከለኛው ዘንግ ጋር የሚያጣብቀው ሽብልቅ ተበልቷል።

ከሁሉ የሚከፋው የውስጥ ጉድለት ነው። ፔዳሉ በሚዞርበት በመካከለኛው ቤት ያለው የብሎን ጥርስ እንደ አገሩ ይለያያል። የጣልያኑ ቤት ስፋት 36 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የእንግሊዙ ከዚህ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይጠብባል። በእንግሊዙ የቀኙ በኩል ብሎን ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው፤ በጣልያኑ ግን ሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ሲታገል ያጠብቃል፤ ጥቂት ከበረታም ጥርሱን ጨርሶ ይበላዋል። በገበያ የሚገኙ አካሎች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት ኃይለኛ እጅ ገብተው የወጡ ናቸው። ስለዚህ እኛ ካቻቪቴ ሳንይዝ ብንሄድም፣ ትንሽ የእጅ ባትሪና አሮጌ ጨርቅ ሳንይዝ ሄደን አናውቅም። ጨርቁ ቅባቱን ለመጥረግ፣ ባትሪው ጥርሱን ለማየት ነው።

ደስ የሚያሰኘውም ነገር የሚገኘው በዚሁ ጥረጋ ነው። የእንግሊዙ ስተርሚ አርቸር የተባለው ፋብሪካ ባለ ሦስት ማርሹን ሥራ ሁሉ በኋላው መንኮራኩር እምብርት ውስጥ ደብቆ የሚሠራ ነበር፤ በዚያም እምብርት ላይ የተሠራበትን ዓመትና ወር በቁጥር ይመታበት ነበር። የዘመናት ቅባትና አቧራ ሲጠረግ 58 የሚል ቁጥር ብቅ ቢል፣ ያ እምብርት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ተሠርቷል ማለት ነው። ነገር ግን በዚህም ቢሆን መቸኮል አይገባም፤ መንኮራኩር ከአንዱ ብስክሌት ወጥቶ ለሌላው ስለሚገጠም፣ የእምብርቱ ዕድሜ የአካሉ ዕድሜ ነው ብሎ መማል አይቻልም። የአባትን ልደት በልጁ የልደት ወረቀት ማረጋገጥ እንደማይቻል ሁሉ ማለት ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ እርሱም ከዕቃው ይልቅ ሰውን የሚመለከት ነው። ብስክሌት በቀላሉ የሚሰረቅ ዕቃ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቅን ልቡና ለገዛ ሰው ጥበቃ ቢያደርግም፣ ለተሰረቀበት ሰው ደግሞ ንብረቱን ተከታትሎ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የሻጩን መታወቂያ ማየት፣ የገበያው ነዋሪ የሆነ ዋስ መጠየቅና ውሉን በጽሑፍ ማድረግ የፍርሃት ሳይሆን የጨዋነት ሥራ ነው። ዋስ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ ዕቃውን ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ከዋጋው በታች የቀረበ ብስክሌት ባየን ቁጥር፣ በአንድ ሰፈር ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል ብስክሌቱን ያጣ ሰው እንዳለ ማሰብ ልማዳችን ሆኗል።

የተገዛው ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ አረጋዊ ብስክሌት ሠሪ ዘንድ ነው። ስማቸውን መጥቀስ ስለማይወዱ አንጠቅሰውም፤ አባባ እያልን እንጠራቸዋለን። የሥራ ቤታቸው ከቆርቆሮ የተሠራች ስትሆን፣ ብስክሌቱን ገልብጠው በመቀመጫውና በመሪው ያቆሙትና ዝም ብለው ለጥቂት ጊዜ ያዩታል። ከዚያም የመንኮራኩሩን ቀጫጭን ዘንጎች ክራር እንደሚቃኝ ሰው በጣታቸው አንድ በአንድ ይመታሉ። የጠበቀው ቀጭን ድምፅ፣ የላላው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። እርሳቸውም ድምፁ አንድ እስኪሆን ድረስ ያጠብቃሉ፤ ያላላሉ። መለዋወጫ ሲጠፋ ሽብልቁን ከአሮጌ ብሎን በሞረድ ፈግፍገው ያወጡታል። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ፣ «አባባ፣ ይህን ሥራ ለማን ያስተምሩታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የሚማር ቢመጣ የማስተምርበት ብስክሌት አለ፤ የሚማረው ነው የጠፋው» ብለው መለሱለት። ይህ ንግግራቸው ከዚያ ወዲህ ከሐሳባችን አልወጣም።

እስከዚህ የነገርነው የማንኛውም ዕቃ ወዳድ ወሬ ነው ሊባል ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ግን የፍለጋችንን ትርጉም በራሳችን ዘንድ የለወጠ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቅዳሜ፣ ለብዙ ጊዜ ስንመኘው የነበረውን ዓይነት ብስክሌት አየን። ጥቁር፣ ባለ ዘንግ ፍሬን፣ ባለ ሦስት ማርሽ እንግሊዛዊ ነበር። መቀመጫው ብሩክስ የተባለው የቆዳ መቀመጫ ሲሆን፣ የናስ ምስማሮቹ ሳይቀሩ በስፍራቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ መቀመጫ ለዓመታት የተቀመጠበትን ሰው አጥንት ተከትሎ ይጎደጉዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱን ሳናውቀው ቅርጹን አየነው። እምብርቱን ጠረግነው፤ 58 የሚል ቁጥር አገኘን። ልባችን ዘለለ። ዋጋ ልንጠይቅ ስንል ግን ከእኛ በፊት የደረሰ አንድ ወጣት መኖሩን አስተዋልን። ዳቦ ከመጋገሪያ ቤት ወደየሱቁ የሚያደርስ ልጅ ነበር። እርሱ ቁጥሩንም ቆዳውንም አላየም፤ የኋላውን ዕቃ መጫኛ በእጁ እየነቀነቀ፣ ስንት ሣጥን ይችል እንደሆነ ይገምት ነበር።

ሻጩ ወዲያው ሁኔታችን ገባው፤ የመርካቶ ሰው ዓይን ፈጣን ነውና። ለልጁ የነገረውን ዋጋ ረስቶ ወደ እኛ ዞረና፣ «ጋሼ፣ እናንተ ዋጋውን ታውቁታላችሁ» አለን። ልጁም ዋጋው ከእጁ ሲያመልጥ አይቶ ዝም ብሎ ቆመ። በኪሳችን ከእርሱ የበለጠ ገንዘብ እንደ ነበረ የሚያጠራጥር አልነበረም።

ጥቂት ራቅ ብለን ተማከርን። አንደኛው ጓደኛችን፣ «ለዚህ ልጅ ማንኛውም ብስክሌት ይበቃዋል፤ እኛ ግን ይህን የመሰለ ሁለተኛ አናገኝም። እርሱ ከወሰደው በአንድ ዓመት ውስጥ ይሰባብረዋል፤ ለዕቃው ሲባል ልንገዛው ይገባናል» አለ። አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም። የሚያምር ነገር ሲጠፋ ማየት ያማል፤ ሙዚየም የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን፣ «ማንኛውም ብስክሌት ይበቃዋል ያልከው ማንኛውም ብስክሌት ያለው ይመስል ነው። ይህ ዕቃ ሲሠራ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብሎ የሠራው የለም። ሸክም ይችል ዘንድ ነው ከባድ የተደረገው። ከስልሳ ዓመት በላይ በኋላ የተሠራበትን ሥራ ሊሠራ የሚፈልገው ሰው ሲገኝ፣ እኛ ከእጁ ነጥቀን አዳንነው እንላለንን?» ሲል መለሰ።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። ተመልሰን ለሻጩ፣ «ከልጁ ጋር የጀመርከውን ጨርስ፤ እኛ ገዢዎች አይደለንም» አልነው። ሻጩ ቅር ቢለውም በመጀመሪያው ዋጋ ተስማማ። ልጁን ወደ አባባ ዘንድ እንዲወስደው መከርነውና ተለያየን። የመጀመሪያው ጓደኛችን በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም። ዛሬም ቢሆን ያን ብስክሌት ሲያነሣ ድምፁ ይለወጣል፤ እኛም አንነቅፈውም።

ከወራት በኋላ ልጁን በአባባ ቤት በራፍ አገኘነው። የቆዳውን መቀመጫ አውጥቶ ስፖንጅ ያለው ርካሽ መቀመጫ ገጥሞበታል፤ ቆዳው የሌላ ሰው ቅርጽ ስላለው አልተመቸውም። ፓራፋንጎውም በቢጫ ቀለም ተቀብቷል። ጓደኛችን ይህን ሲያይ ዓይኑን ዘወር አደረገ። ነገር ግን እምብርቱ ከዳር እስከ ዳር የተወለወለ ነበር፤ አባባ በየወሩ ጥቂት ጠብታ ዘይት እንዲያስገባበት ነግረውት ኖሮ ትእዛዛቸውን አላጎደለም። «ጋሼ፣ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? ስጠርገው ሁልጊዜ አየዋለሁ» ብሎ ጠየቀን። የተሠራበት ዓመት መሆኑን፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1950 ዓ. ም. እንደሚጠጋ ነገርነው። በጣቱ ቆጠረና፣ «እንግዲያስ አባቴን ይበልጠዋል!» አለ። ከዚያም ሣጥኖቹን ጭኖ ዳገቱን በዝቅተኛው ማርሽ ወጣ።

መቀመጫውን እኛው ገዛነው። ከአራታችን ግን ለአንዳችንም አልሆነም፤ ጎድጓዳው ከማናችንም ጋር አልገጠመም። በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መቀመጫው በመደርደሪያ፣ ብስክሌቱ በመንገድ ላይ ነው። ከሁለቱ የዳነው የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ ዛሬ መልሳችን እንደ ፊተኛው ጊዜ ፈጣን አይሆንም። መቀመጫው እንደ ነበረ አለ፤ ብስክሌቱ ግን እንደ ነበረ አይደለም፤ ነገር ግን ይኖራል።

ከዚህ ተነሥተን ለራሳችን አንድ ደንብ አወጣን። ብስክሌቱን ለሥራ የሚፈልገው ሰው ባለበት ገበያ አንጫረትም። የምንገዛው ማንም የማይፈልገውን፣ ወደ ሚዛን ሊወጣ የተዘጋጀውን ነው። ከገዛነውም በኋላ አስጠግነን የሚነዳው ሰው እንፈልግለታለን። እስካሁን ድረስ ከእጃችን የወጡት ብስክሌቶች አንዱም በግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። በዚህ አኳኋን የምናጣው ውበት ቢኖርም፣ የአባባ ሥራ ቤት ግን አልተዘጋም፤ አሮጌ ብስክሌት የሚያድነው የሚነዳው ሰውና የሚጠግነው ሰው አብረው ሲኖሩ ነውና።

ይህ ነገር ከአራት ጓደኛሞች ጨዋታ አልፎ ሌላውን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ባለ ዳገት ከተማ በመሆኗ፣ ብስክሌት የባሕር ዳር፣ የሐዋሳና የድሬ ዳዋ ዕቃ ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ ግን በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ዳር ለብስክሌት የተለየ መሄጃ ተበጅቷል። መንገዱ ተሠራ ማለት ነው፤ የቀረው የሚሄድበት ብስክሌትና የሚጠግነው እጅ ነው። አዲስ ብስክሌት ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ብዙ ነው፤ አሮጌው ደግሞ በየቀኑ ከቆርቆሮ ጋር እየተመዘነ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።

በመሥሪያ ቤት ለምንገኝ ሰዎች የሚታሰብ ነገር አለ። በንብረት ክፍል ጓዳ ከተሰበረ ጠረጴዛ ጀርባ የቆመ የመልእክተኛ ብስክሌት ያለበት መሥሪያ ቤት ይኖራል። የማያገለግል ንብረት በጨረታ በሚወገድበት ጊዜ፣ ብስክሌቱ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በአንድ ክምር ባይሸጥና ለብቻው ተመዝግቦ ቢቀርብ፣ ወይም ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ ለሙያ ትምህርት ቤት ቢተላለፍ፣ መንግሥት የሚያጣው ገንዘብ ጥቂት፣ የሚገኘው ጥቅም ግን ብዙ ነው።

ለአስተማሪዎችም ከዚህ የተሻለ የተገለጠ መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም። የፊቱ ጥርስ 46፣ የኋላው 18 የሆነ ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውን ከሁለት ተኩል ጊዜ ጥቂት በልጦ ያዞረዋል። የጎማው ዙሪያ 2.23 ሜትር ያህል ቢሆን፣ አንድ ዙር 5.7 ሜትር ያህል ያስኬዳል። ባለ ሦስት ማርሹ እምብርት በዝቅተኛው ማርሽ ይህን በ25 በመቶ ይቀንሰዋል፤ በከፍተኛው በአንድ ሦስተኛ ይጨምረዋል። ስለዚህ በዝቅተኛው 4.3 ሜትር፣ በከፍተኛው 7.6 ሜትር ያህል ይሆናል። ዳገት ላይ ለምን እንደሚቀል፣ ሜዳ ላይ ለምን እንደሚፈጥን ተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ካየው ይልቅ በእግሩ ቢለካው አይረሳውም።

ተማሪ የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ ቅዳሜ ቀን ጊዜ ብታገኝ ወደ ምናለሽ ተራ ውረድ። የምትገዛበት ገንዘብ ባይኖርህም ማየት አይከለከልም። ጨርቅ ይዘህ ሂድ፤ ቅባቱን ጥረግ፤ ቁጥሩን አንብብ፤ ጥርሱን ቁጠር። ከዚያም በአንድ ቆርቆሮ ቤት በራፍ ብስክሌት ገልብጠው የሚሠሩ አረጋዊ ብታገኝ፣ ሰላምታ ሰጥተህ አጠገባቸው ተቀመጥ። የሚማር ጠፋ እንጂ የሚያስተምሩበት ብስክሌት አላጡምና።